በራቸው ያልተሰበረ ቤቶች

ቴክሳስ፣ ጋርላንድ ከተማ በተከራየሁበት አሮጌ አፓርትመንት፣ በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት ሴቶች ታንቀው ሞቱ። ሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ ነበሩ። ጎረቤቱ ብዙም አልደነገጠም፤ አንዷ ትጠጣለች፣ ሌላዋ ወንድ ታመላልሳለች ተባለና ወሬው በዚያው ተዘጋ።

ሦስተኛዋ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር የአገሬ ልጅ ነበረች። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አዛውንት ስታገላብጥ የምትውል ዝምተኛ ልጅ። አብረዋት የሚኖሩት እናቷ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አልጋዋ ላይ ሞታ አገኟት።

ጉዳዩን የያዘችው መርማሪ ጡረታዋ የተቃረበ ረጅም ሴትዮ ነበረች። በር እያንኳኳች ስትዞር ብዙው ሰው መጋረጃውን ይስብባታል፤ የመኖሪያ ወረቀት ነገር ያስፈራዋል። እናትየው እንግሊዝኛ አይሰሙም። በስልክ አስተርጓሚ ሞክራ አልሆነላትም፤ ልጅቷ ከተቀበረች በኋላ እኔን ለመነችኝ።

መጀመሪያ የጠየቀችው ልጃቸው ወንድ ታስገባ እንደነበር ነው። አለሳልሼ ብተረጉመውም ገባቸው።

"ልጄን ገደሏት፤ አሁን ደግሞ ስሟን ልትገድሉት ነው?" አሉ፣ እሷን ሳይሆን እኔን እያዩ።

መርማሪዋ ይቅርታ አልጠየቀችም። በሦስቱም ቤት በሩ አልተሰበረም፣ ስለዚህ ገዳዩ አስከፍቶ ወይ ከፍቶ የሚገባ ሰው ነው አለች። ማን ይመጣባችሁ ነበር ስትላቸው፣ ማንም አሉ። ቆይተው ግን የሕንፃውን ጠጋኝ፣ የሜንቴናንሱን ሰውዬ አነሱ። ቧንቧ ሊሠራ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ የሚያወልቅ ጨዋ ነው አሉ። ፖሊስ ቤቱን ሲለቅ የልጅቷን አልጋ ተሸክሞ ያወጣላቸው እሱ ነበር። "ክፉ አይንካህ" ብለው መርቀውታል። ምርቃቱን በእንግሊዝኛ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

የሁላችንም ቤት ቁልፍ እሱ ዘንድ ነበር። በልጅቷ ጥፍር ሥር የተገኘው ቆዳ የእሱ መሆኑ ተረጋግጦ ሲያዝ፣ ኪሱ ውስጥ አንድ ቁልፍ ለብቻው ተገኘ። መርማሪዋ የእኔ በር ላይ ሞከረችው። ከፈተ።

ከሞት ፍርድ ለመዳን ጥፋቱን አመነና ያደረገውን በችሎት ተናገረ። ድምፁ ስለተዘጋ ቧንቧ የሚያስረዳ ሰው ድምፅ ነበር። እናትየው አንድም ነገር እንዳልደብቃቸው አስምለውኝ ስለነበር ከጎናቸው ሆኜ በሹክሹክታ እተረጉማለሁ። ልጃቸው ጋ ሲደርስ፣ አንድ ስም ደጋግማ ትጠራ ነበር፣ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም አለ። ምን ብላ እንደነበር ዳኛው ጠየቁት።

"ኢማዬ" አለ፣ አፉ ላይ እየተጣመመበት።

መተርጎም አላስፈለገኝም። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆዩና ክንዴን ጨበጡኝ።

"ስንት ጊዜ እንደጠራችኝ ጠይቂልኝ።"

እዚህ መጠየቅ አይፈቀድልንም አልኳቸው። ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ሲያስወጡት ዞር ብሎም አላየን። እናትየውን ዩለስ ከተማ፣ ዘመዳቸው ቤት አደረስኳቸው። መንገዱን ሙሉ፣ ጠይቀሽልኝ ቢሆን ኖሮ እያሉ ነበር።