አሥረኛው ጣት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሊዲያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የማኅተም ቀለምና ነጭ ካርድ ይዛ ወጥ ቤት ድረስ መጣችብኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። «እማ፣ ጣቶችሽን» አለች፣ ኮስተር ብላ። ክፍሎቹ የሚፎካከሩበት የወንጀል ምርመራ ሳይንስ ውድድር አለባቸው። መምህራኑ የውሸት ስርቆት ያዘጋጃሉ፣ ተማሪዎቹ ደግሞ በጣት አሻራና በጫማ ዱካ ሌባውን ይይዛሉ። ለልምምድ የቤተሰቡን አሻራ እየሰበሰበች ነው። ሳቄ መጣ፤ እኛም በእሷ ዕድሜ ያንኑ ተጫውተናል።

እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩላት። ቀኝ እጄን ጨረሰች። ግራዬን ከትንሿ ጣት ጀምራ አንድ በአንድ ስታትም ቆየችና ዘጠኝ ላይ ስትደርስ «ውይ፣ ረስቼው! ጉድ ላሳይሽ» ብላ ከደብተሯ መሃል በላስቲክ የተሸፈነ ያረጀ ካርድ አወጣች። «አክስቴ ሃዋ አዋሰችኝ። የእናቷ አሻራ ነው። በሕይወት የሌለ ሰው አሻራ! ሌላ ክፍል ይሄን ከየት ያመጣል?»

አውራ ጣቴን መንጭቄ ጉያዬ ስር ከተትኩት። «ቢላ ቆርጦኛል፣ ነገ» አልኳት። ምንም አልቆረጠኝም። ልጄም አላመነችኝም መሰለኝ፣ የካርዱን አሥረኛ ሳጥን ባዶ ትታው ሄደች።

ይህን ነገር እስከዚያች ቀን ለባሌ እንኳ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ብናገረው ግን ይሻለኛል፣ ሃያ ዓመት በቃ።

ድሬዳዋ፣ አሥረኛ ክፍል ነበርን። ከክፍላችን ለውድድሩ የተመረጥነው ሦስት ነን፦ እኔ፣ ሃዋ እና ቶላ። ቶላ ከዋሂል ገጠር መጥቶ ዘመድ ቤት እየኖረ የሚማር፣ አፉ ሳቅ የማያጣው ልጅ ነው። ሃዋ የመጋላ ልጅ ናት፣ ቤታቸው ሶማሊኛ ነው የሚወራው፤ ዝምተኛ፣ እጀ ብልህ። እኔ ደግሞ የከዚራ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ የምጎርር። የሚያስቀው ሁሉም ያምኑኝ ነበር። የመመሪያው ወረቀት በእንግሊዝኛ ሲመጣ ማንም አላነበበውም፤ «አስቱ ታንብበው» ተባለ፣ አለቀ።

የሥነ ሕይወት አስተማሪያችን ቲቸር ኤልያስ ከውድድሩ በፊት እንድንለማመድ ከቤታችን የብርጭቆ ዕቃ አምጡ አለን። እኔ የሻይ ብርጭቆ አመጣሁ፣ ቶላ የለስላሳ ጠርሙስ። ሃዋ በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ የቀሲል ማሰሮ ይዛ መጣች። ቀሲል የሶማሌ ሴቶች ፊታቸውን የሚታጠቡበት አረንጓዴ የቅጠል ዱቄት ነው። ማሰሮው የብርጭቆ ነው፣ ክዳኑ የቆርቆሮ። ማንንም አላስነካም አለች። ጠረጴዛው ጥግ ላይ እንደተጠቀለለ አስቀመጠችው።

ለምን እንዳመጣችው ያኔ አላወቅኩም። እናንተ ግን ብታውቁ ይሻላል። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ደቻቱ ወንዝ ድንገት ሞልቶ ዳር ዳሩን ያሉ ቤቶች ሲወስድ የሃዋ እናት ከቤቷ ጋር ሄደች። አስከሬኗ አልተገኘም። ፎቶ የለም፣ መታወቂያ የለም፣ ልብስ የለም፤ ሁሉም ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ሳጥኑ ደግሞ ጎርፉ ጋ ነው። የተረፈው ያ ማሰሮ ብቻ ነው። እናትየው በዋዜማው እህቷ ቤት ሄዳ የሃዋን ፀጉር ቅባት ቀብታ፣ በዚያው በቅባት እጇ ማሰሮውን ይዛ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣው ወጥታለች። ሃዋ አክስቷ ጋ ስላደረች ተረፈች። ማሰሮውን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም እንዳይነካው በሻሽ ጠቅልላ ይዛው ነበር።

አንድ ቀን ቲቸር ኤልያስን «ቲቸር፣ አሻራ ብርጭቆ ላይ ስንት ጊዜ ይቆያል?» ብላ ስትጠይቀው ሰምቻለሁ። «ካልነኩት ብዙ ይቆያል» አላት። «ሰውየው ባይኖርም?» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ።

ሰውን የሚያስፈራው ሌሊት ነው የሚል ድሬ ያላደገ ሰው ነው። ድሬ የምታስፈራው በቀትር ነው። ስድስት ሰዓት ካለፈ ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ከጥላ ስር ይቆማል፣ ሰዉ በየቤቱ ምንጣፍ ላይ ይዘረጋል፣ በነጩ መንገድ ላይ ከነፋስ በቀር የሚሄድ የለም። ልጆች ሆነን በዚያ ሰዓት ስማችሁን የሚጠራ ድምፅ ብትሰሙ አቤት እንዳትሉ እየተባልን ነው ያደግነው። እንዲህ ባለ ሰዓት ነው የትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻዬን የቀረሁት። ሃዋ ለዙህር ሶላት ወጥታለች። ቶላ ሳምቡሳና የሮቃ ፍሬ ጭማቂ ሊገዛ ሄዷል። መስኮቶቹን አቧራውን ፈርተን ዘግተናቸዋል፤ በፎርማሊን የተቀመጡት እንቁራሪቶች ከመደርደሪያው ላይ ያዩኛል።

ጊዜ ላለማባከን መመሪያውን አነበብኩ። የመጀመሪያው መስመር «ደስት ዘ ግላስ» ይላል። ደስት አቧራ ነው፣ ይህን ማን ያጣዋል? አቧራውን ጥረጉ ማለቱ ነው አልኩ። ድሬ ላይ ደግሞ ይህ የሚነገር ነገር ነው እንዴ፤ እኛ እኮ ጠዋት ተነስተን የምንጠርገውን ከሰዓት እንደገና የምንጠርግ ሰዎች ነን። ብርጭቆዬን ጠረግኩ። ጠርሙሱን ጠረግኩ። ከዚያ ሻሹን ፈታሁ።

ሽታው ነው መጀመሪያ የመጣው። ቀሲሉና የፀጉር ቅባቱ ተቀላቅሎ፣ አንዲት ሴት አሁን ተጣጥባ በአጠገቤ ያለፈች ያህል ቤቱን ሞላው። ዞር አልኩ። ማንም የለም። ማሰሮው ቅባት ስለነበረበት በግራ እጄ ከስሩ ጠበቅ አድርጌ ይዤ በቀኜ እፈትገው ጀመር። ስፈትግ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ እንደሚያየኝ ይሰማኛል። የማጅራቴ ፀጉር ቆመ። «አቦ አስቱ፣ አትጃጃዪ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለራሴ። ድምፄ ባዶው ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው የተናገረው ይመስል ነበር። እስኪያብለጨልጭ ፈተግኩት፣ ከነክዳኑ።

ሃዋ ስትመለስ ፊቷ ገና ከውዱው ትጥበት አልደረቀም። ባዶውን ሻሽ አየች፣ ቀጥሎ ማሰሮውን።

«ማን ነው የነካው?»

«አጸዳሁልሽ! መመሪያው እኮ ጥረጉ ይላል።»

አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ በወደድኩ። ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና «አስቱ፣ የሆዮ እጅ እኮ ነበር እሱ ላይ» አለች። ሆዮ እናት ማለት ነው። ከዚያ ስለ ጎርፉ፣ ስለ ቅባቱ፣ ስለ መደርደሪያው ነገረችኝ። እየነገረችኝ ቲቸር ኤልያስ በር ላይ ብቅ አለ፣ ወረቀቱን አየ፣ ምን እንዳደረግኩ ሲሰማ ሳቀ። «ደስት ማለት እዚህ ጋ ዱቄት ነስንሱ ማለት ነው እንጂ! አንቺ ልጅ ሌባ ብትሆኚ አትያዢም ነበር» ብሎ ለምሳው ሄደ። ምን እንደተናገረ አያውቅም። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቶላ ሳምቡሳውን ይዞ ገባ። ስነግረው የያዘውን አስቀምጦ ሃዋን «ለማንኛውም እስቲ ነስንሺበት» አላት። የተፈጨ ከሰልና ለስላሳ ብሩሽ ነበረን። ሃዋ ራሷ ብሩሹን ያዘች። ጎኖቹ ባዶ። አንገቱ ባዶ። ክዳኑ ባዶ። በመጨረሻ ማሰሮውን ገልብጣ ታችኛው ጠርዝ ላይ ስታሻሸው ከዱቄቱ ውስጥ አንድ አውራ ጣት ቀስ እያለ ወጣ። ሙሉ ነበር፣ መስመሮቹ ይቆጠራሉ።

«ሆዮ» አለች። እንደሚጣራ ሰው አልነበረም፤ እናቷ በር ከፍታ ስትገባ እንደምትላት ነው ያለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አመሳክሪልኝ። ከእኛ የማንም አለመሆኑን እዪልኝ። ያንቺን ዓይን አምናለሁ።» ከዚያ ሁሉ በኋላ ያንቺን ዓይን አምናለሁ አለችኝ። የሦስታችን የጣት አሻራ ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አጉሊ መነጽሩን አነሳሁ። የቶላን አየሁ፣ አይደለም። የሃዋን አየሁ፣ አይደለም። የራሴን ቀኝ አየሁ፣ አይደለም። የግራ አውራ ጣቴ ላይ ስደርስ መሃሉ ላይ አንዱ መስመር ለሁለት ተከፍሎ እንደገና ይገናኛል፤ ማሰሮው ላይም አንዱ መስመር ለሁለት ተከፍሎ ይገናኛል። ስፈትግ የያዝኩበት ጣት ነው። ቅባቱ የእናትየው፣ ጣቱ የእኔ።

ቶላ «እስቲ ልይ» ሲለኝ መነጽሩን አልሰጠሁትም።

«የማናችንም አይደለም» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የግራ አውራ ጣቴ ቀዘቀዘ። የድሬ ቀትር ነው፣ ላብ ከአገጫችን ይንጠባጠባል፣ ጣቴ ግን አንድ ሰው በእርጥብ እጅ የጨበጠው ያህል ቀዘቀዘ። ወላዲተ አምላክ! አልኩ በሆዴ። ሃዋ አሻራውን በስኮች ፕላስተር አንስታ ነጭ ካርድ ላይ ለጠፈችው።

ውድድሩን አሸነፍን። ሃዋ የሰረቀውን «ሌባ» በግማሽ ሰዓት ያዘችው። ለእኔ ለቡድን መሪዋ የተሰጠኝ ሽልማት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበር። እየፈራሁ «ደስት» የሚለውን አወጣሁ። ሁለት ፍቺ አለው፦ አቧራ መጥረግ፣ ዱቄት መነስነስ። መዝገበ ቃላቱን ዘግቼ አልጋ ስር ወረወርኩት።

ሃዋ ዛሬ መጋላ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት። በየማለዳው ሱቅ ከመክፈቷ በፊት ካርዱን ከቁርአኗ አጠገብ አንስታ ትስመዋለች፣ ሰላም ትለዋለች። ልጆቿን ስትወልድ ሕፃናቱን አስነክታዋለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ጣቴ ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ደቻቱ መጮህ ሲጀምር፣ ይቀዘቅዛል። ሐኪም አይቶት ደም ዝውውር ነው ብሎኛል። ይሁንለት።

ሊዲያ ካርዱን ባመጣች ማግስት፣ በቀትር፣ ባጃጅ ስላጣሁ በእግሬ መጋላ ሄድኩ። ሃዋ የሱቋን በር ገርበብ አድርጋ በጨርቅ ጥቅሎቹ መሃል ጋደም ብላለች።

«ሃዋ፣ ያ አሻራ የእኔ ነው» አልኳት፣ ሳልቀመጥ።

ቀና ብላ ተቀመጠች። ነፋሱ በሩን ሲነካካው ይሰማኛል።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ያኔውኑ። መነጽሩን እንደያዝኩ።»

«ታዲያ በየጠዋቱ ሰላም የምለው ለማን ነበር፣ አስቱ?»

አለቀስኩ። ሌላ የምሰጣት ነገር ስላልነበረኝ ግራ እጄን ዘረጋሁላት። ወላሂ ትመታኛለች ብዬ ነበር። አውራ ጣቴን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ ጨርቅ ስትገዛ ክሩን እንደምትመረምረው አድርጋ መስመሩን አየችው። ከዚያ ግንባሯ ተኮማተረ።

«ቀዝቃዛ ነው» አለች።

ስለ ቅዝቃዜው ነግሬያት አላውቅም። ክረምቱም ገና አልገባም ነበር። በሁለት መዳፎቿ ሸፍና ያዘችው፣ ሱቆቹ እንደገና እስኪከፈቱ ድረስም አልለቀቀችውም። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ልወጣ ስል ብቻ «ካርዱን ሊዲያ ስትጨርስ መልሺልኝ» አለች።

ቤት ስደርስ ልጄን ጠርቼ ባዶዋን ሳጥን ሞላሁላት። አጉሊ መነጽሯን አንስታ ከሃዋ ካርድ ጋር ስታመሳክር ጠበቅኩ። ቀና ብላ ስታየኝ ሁሉንም ነገርኳት። «ታዲያ ውድድሩ ላይ የማን ነው ልበል?» አለች። የእኔ ነው በይ አልኳት፤ ሳይንሱ እሱን ነው የሚለው፣ ከእንግዲህ አልዋሽም። ካርዱ ግን የአክስትሽ የሃዋ ነው፣ ሳይቆሽሽ ይመለስላት።

ትናንት ተመለሰላት። ዛሬ ጠዋት በሱቋ ሳልፍ ገና አልከፈተችም ነበር፣ ከውስጥ ግን ድምፅዋ ይሰማል። እንደ ድሮው ካርዱን ሰላም እያለች ነው። ቆም ብዬ ጣቴን ያዝኩት።