የሁዳዴ ዝንብ

ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ሥጋ ቤቴ ዝግ ነበር፤ ካራዬም ታጥቦ ተሰቅሏል። አንድ ቀን ጎረቤቴ የሆኑት የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ሰው ሰብስበው ወደ በረንዳቸው አስጠሩኝ።

"በዚህ በጭላሎ ብርድ እንኳ ዝንብ መከራችንን አበላን። ያመጣብን ያንቺ ሥጋ ቤት ነው" አሉኝ።

ደሜ ፈላ፤ ግን አልጮህኩም። ጠረጴዛቸው ላይ ባረፈው ዝንብ ላይ ብርጭቆ ደፋሁበትና "ኑ እዩት" አልኩ። የቤት ዝንብ ግራጫ ነው፤ ጀርባው ላይ ጥቋቁር መስመሮች አሉት። ይኼኛው ወፈር ያለ፣ ዓይኑ ቀላ ያለ፣ ጀርባው መስመር የሌለው፣ እንደ አረንጓዴ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብለጨልጭ ነው። ስታገለው የኖርኩት ጠላቴ ስለሆነ አልስተውም።

"ልክ ብለዋል አባባ፤ የሥጋ ዝንብ ነው" አልኳቸው። "የኔ ቤት ግን ከተዘጋ ወር አልፎታል። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ጿሚ መሀል ሥጋ ያገኘው ማን ቤት ነው?"



"እንግዲያው ልልቀቀውና የሚገባበትን ቤት አብረን እንይ" ብዬ ብርጭቆውን ላነሳ ስል፣ ሽማግሌው ከሁሉም ቀድመው እጃቸውን ጫኑበት።