ልብስ ሰፊው ያልሰማው የአይጧ ተረት

ልብስ ሰፊው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሰባት ዓመት ልጁን ከትምህርት ቤት መልስ የሚያቆይለት አጥቶ መላ ቅጡ ጠፍቶት ነበር። በሰፈሩ አንቱ የተባሉ ጡረተኛ መምህርት፣ «እኔ ምን ሥራ አለኝ? እኔ ጋ ትዋል» ሲሉት እግራቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ለውለታቸውም ካፖርታቸውን አጠበበላቸው።

ከእራት በኋላ ቤት ይዞት የመጣውን ሱሪ ሲዘመዝም ልጅቷ አጠገቡ ትቀመጣለች።

«አባዬ፣ ተረት ልንገርህ? አንዲት አይጥ ነበረች። ጅቢት ቁም ሳጥን ውስጥ ትቆልፍባታለች። ለሰው ከተናገርሽ ምላስሽን እቆርጠዋለሁ ትላታለች።»

«ጅብ ደግሞ ቁም ሳጥን ከየት አመጣ? አናጺ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ልጅቷ አልሳቀችም። በማግስቱም ያንኑ ጀመረች። አንድ ቀን አይጧን ውኃ ጠማት፤ ሌላ ቀን ልብሷ ላይ ሸናች። የዩኒፎርም ሥራ ተደራርቦበት ስለነበር፣ «ተረቱን ተዪና የቤት ሥራሽን ሥሪ» እያለ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አንድ ማክሰኞ መብራት ጠፋና ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ሄደ። ልጁን ይዞ ሊገባ መምህርቷ ቤት ጎራ ሲል በሩ ገርበብ ብሏል። ቢጣራ መልስ የለም። ከውስጥ እንጨት የሚቧጥጥ ድምፅ ሰማ። ገብቶ ድምፁ የሚመጣበትን የቁም ሳጥን ቁልፍ አዞረ። ልጁ እሱ ካጠበበው ካፖርት ሥር ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም እንዲል ለመነችው።

መምህርቷ ዳቦ ይዘው ገቡ። «ስታስቸግር ጊዜ ነው። ሥርዓት እያስያዝኩልህ ነው» አሉት፣ ፊታቸው ሳይለወጥ። ልጁን አቅፎ ወጣ፤ በቀጥታም ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ አመለከተ። ከዚያ በኋላ እሳቸው ዘንድ ልጁን የሚልክ አልተገኘም።

«ለምን አልነገርሽኝም፣ የኔ እናት?» አላት ከጣቢያው ሲመለሱ መንገድ ላይ።

«ነገርኩህ እኮ» አለችው።

ጎረቤቶቹ «አንተ በምን ታውቃለህ?» እያሉ ሲያጽናኑት ይብስ አንገቱን ይደፋል።

አሁን ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁ ውስጥ ትቆያለች። ተረት የምትነግረው ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ ልብስ ለምትተኩሰው ሴት ነው። ሴትየዋ ካውያዋን አስቀምጣ፣ «እህ፣ ከዚያስ?» ትላታለች። እሱም ለመስማት የስፌት መኪናውን ያቆማል። መኪናው ጸጥ ሲል ልጅቷም ጸጥ ትላለች። ስለዚህ ለምንም የማይሆን ቁራጭ ጨርቅ እየሰፋ፣ ሳይሰማ፣ እንድትቀጥል ይተዋታል።