ዳኛው ምን ይብላ?

ቄራ ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «ቢላዋ» ነው የሚለው። በሬው ተገፎ ከተሰቀለ በኋላ ሆዱን ከፍቶ ሳንባውን፣ ጉበቱን፣ አንጀቱን ጠረጴዛ ላይ የሚዘረግፈው እሱ ነው። ከዚያ የሥጋ መርማሪው ይመጣል፤ ይዳብሳል፤ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ካገኘ «ይሄ ይቀበር» ብሎ ያልፋል። ቢላዋ ታዲያ መርማሪው ዞር ሲል የሚቀበረውን በፌስታል ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ሌባ ሆኖ አይደለም። አፈር ከሚበላው ውሻዬ ይብላው ባይ ነው።

ውሻው ዳኛው ይባላል። ስሙን ያወጣችለት የቢላዋ ሚስት ናት፤ ባልና ሚስት ሲጨቃጨቁ መሀል ቁጭ ብሎ፣ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያየ፣ የሁለቱንም ቃል በጥሞና ስለሚሰማ። ልጅ አልወለዱም። ለልጅ ያሰበችውን ፍቅር ሁሉ እዚህ ውሻ ላይ አፈሰሰችው። ፊቷን ሲልሳት እየሳቀች ዝም ትላለች፤ እግሯ ሥር ካልተኛ እንቅልፍ አይወስዳትም።

የሚጨቃጨቁትም በሌላ አልነበረም፤ በዚሁ በዳኛው ምግብ ነው። እሷ ያንን ሳንባ በአሮጌ ድስት ቀቅላ፣ አብርዳ፣ ቆራርጣ ነው የምትሰጠው።

«የታመመ ሥጋ ነው፤ እሳት ይንካው» ትላለች።

«ቀጥለሽ ደግሞ ማንኪያና ሹካ ታቀርቢለታለሽ» ይላል ቢላዋ። «ጥሬ ያልበላ ውሻ ድመት ነው።»

«አንተ ሰው፣ መርማሪው ምን ቸገረው ታዲያ ይቀበር የሚለው?»

«እሱ የሚመረምረው ለሰው ነው። ለውሻ ተብሎ የተቀጠረ መርማሪ የለም።»

አፉ መቼም አያርፍ፤ ይህችን ቀልድ ቄራ ድረስ ወስዶ ጓደኞቹን አሳቀባት። ከዚያ ወዲያ እልህ ያዘው። እሷ ብትለምነው፣ ብትቆጣው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ከሥራ ሲመለስ ገና ከበሩ ፌስታሉን ፈቶ ግቢው ውስጥ ይወረውርለታል፤ እሷ ከኩሽና እስክትወጣ ዳኛው ጨርሶ አፉን ይልሳል። በመጨረሻ ሰለቻት። «እንደ ፍጥርጥርህ» አለችውና ድስቱን አጥባ መደርደሪያው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። ቢላዋ አሸነፍኩ ብሎ ደስ አለው።

ዓመታት አለፉ። ሚስቱን ቀኝ ጎኗን ያማት ጀመር። ጨጓራ ነው ተባለና የጨጓራ መድኃኒት ስትውጥ ከረመች፤ ከጎድን አጥንቷ ሥር ማበጥ ሲጀምር ግን ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሟ ሆዷን በአልትራሳውንድ አይታ፣ ጉበቷ ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች እንዳሉና በቀዶ ጥገና መውጣት እንዳለባቸው ነገረቻቸው። ውሃ የቋጠሩ ስትል ቢላዋ ክው አለ።

«ቤት ውስጥ ውሻ አለ?» አለች ሐኪሟ።

«አለ» አለች ሚስቱ።

«ምንድን ነው የሚበላው? ጥሬ ነው የተቀቀለ?»

«የተቀቀለ» አለ ቢላዋ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ሚስቱ ዞር ብላ አየችው እንጂ አላጋለጠችውም። ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ግን እጁን ይዛ «ድኜ ስመለስ እኔው እቀቅልለታለሁ» አለችው።

አልተመለሰችም። ከከረጢቶቹ አንዱ በቀዶ ጥገናው መሀል ፈነዳ፤ ሰውነቷ አልቻለውም። ሐኪሟ ለብቻው ወስዳ ስትነግረው ቢላዋ አላለቀሰም፤ ያወጣችሁትን ልይ ብሎ ድርቅ አለ። ብረት ሳህን ላይ አሳየችው። ነጭ፣ ልሙጥ፣ ውሃ ያዘለ። ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም፤ ዕድሜውን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፈው የኖረው ነው። በገዛ እጁ በፌስታል ቋጥሮ ቤቱ ሲያስገባው የኖረው ነው። ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳችው። ውሻው ያንን ጥሬውን ሲበላ ሆዱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ፀጉሩ ላይ፣ ምላሱ ላይ ይቀራል፤ ከዚያም ወደሚዳብሰው ሰው አፍ ይገባል።

«ቢቀቀል ኖሮ ትሉ ይሞት ነበር» አለች። «ለውሻውም ቢሆን የሚዋጥ መድኃኒት አለ።»

ከቀብር መልስ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ገመድ ይዞ ግቢው ገባ። በሽታው ከውሻ እንደመጣ ሆስፒታል ነግረውታል።

«ይሄ ውሻ እህቴን በልቶ እዚህ እያዛጋ አያድርም» አለ።

በረንዳው ላይ የተቀመጠው ለቀስተኛ ሁሉ ልክ ነው አለ። ማን ለውሻ ይከራከራል? ቢላዋ ዝም ቢል ነገሩ አለቀ፤ ውሻው ከነምስጢሩ ይቀበራል፤ እሱም ሚስቱ እንደሞተችበት እንደማንኛውም ሰው እየታዘነለት ይኖራል። ዝም ሊልም ነበር። ገመዱ አንገቱ ላይ ሲገባ ግን ዳኛው ሊያንሸራሽሩት መስሎት ጅራቱን ቆላ።

«ተወው» አለ ቢላዋ። «እሱ የበላው የሰጡትን ነው። የሰጠሁት እኔ ነኝ። ይቀበር የተባለ ሳንባ ጥሬውን ከቄራ እያመጣሁ። እሷ ይቀቀል ስትለኝ እየሳቅኩባት። ሐኪሟንም ዋሽቻታለሁ።»

ወንድምየው ቆሞ አየው። ገመዱን ከውሻው አንገት አውጥቶ መሬት ላይ ጣለና ወጣ። ለቀስተኛውም አንድ ሁለት እያለ ተከተለው፤ ሲወጣ «ያጽናህ» ያለው የለም።

ግቢው ባዶ ሲቀር ቢላዋ ኩሽና ገባ። የተገለበጠውን ድስት አውርዶ አቧራውን አጠበ። ለለቀስተኛው ከሉካንዳ የተገዛ ሥጋ ነበር፤ እሱን ቀቀለ፣ አበረደ፣ ቆራረጠ፣ ልክ እሷ እንደምታደርገው። ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ይኸው ተቀቅሏል» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አንቺ ነሽ ልክ።»

ዳኛው ሳህኑን አልነካም። የለመደው ጭቅጭቅ የተጀመረ መስሎት እንደ ወትሮው፣ በቢላዋና በሚስቱ ባዶ ወንበር መሀል ቁጭ አለ። ቢላዋን እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ ፊቱን ወደ እሷ ወንበር አዞረና መልሷን ይጠብቅ ጀመር።