ተራ ቁጥር ሰባት፦ ሙሾ

የእኔ ሥራ ገና ያልሆነውን ነገር ይሆናል ብሎ መጻፍ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የባህል ማዕከል በምትባል ሁለት ክፍል ቢሮ ተቀምጬ በየወሩ «በቅርቡ የሚካሄዱ መርሐ ግብሮች» የሚል ወረቀት አዘጋጃለሁ። የሥዕል ዐውደ ርእይ፣ የሙዚቃ ዝግጅት፣ የጥናት ጉባኤ፣ የመጽሐፍ ውይይት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አዳራሹን፣ የክብር እንግዳውን እጽፋለሁ። ከዚያ ራሴ የለጠፍኩት ላይ ራሴው ሄጄ «ተላልፏል» የምትል ቁራጭ እለጥፍበታለሁ። መንገዱ ተዘጋ፣ ተላልፏል። መብራት የለም፣ ተላልፏል። የክብር እንግዳው ስብሰባ ገባባቸው፣ ተላልፏል። ተማሪዎቹ እንኳ «አሃ፣ ይሄ የሚተላለፈው ነው» እየተባባሉ በሰሌዳው ሥር ያልፋሉ። ድሮ ያበግነኝ ነበር። አሁን መናደዱም ሰልችቶኛል።

አሁን የማወራው ግን ስለተላለፈው አይደለም፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ስለተካሄደው ነው። ምነው እሱም ተላልፎ በቀረ!

ሴትየዋን ያወቅኋት በልብስ አጣቢነቷ ነው። ከምዕራብ ኦሮሚያ ተፈናቅለው ከከተማው ዳር መጠለያ ውስጥ ከሚኖሩት ገበሬዎች አንዷ ናት። ጠዋት ጠዋት ከግቢው አጥር ሥር ከጓደኞቿ ጋር የተማሪ ልብስ ታጥባለች። የኛ አገር ውሃ በጠዋት እጅ ይቆርጣል፤ እሷ ግን እስከ ክርኗ ነክራ ወሬዋን ታወራለች። እኔም እንደሷ ሴት ነኝ፣ በዕድሜም ብዙ አትበልጠኝ፣ ግን በስሟ ለመጥራት ፊቷ አያስደፍርም። እትዬ እላታለሁ።

አንድ ቀን፣ ምን ቆርጦኝ እንደሆነ እንጃ፣ «ባለቤትሽስ እትዬ?» አልኳት።

«ከብቶቹን ልፍታቸው ብሎ ተመለሰ» አለችኝ፣ እጇን ከውሃው ሳታወጣ። «እኛ ሸሸን። እሱ ታስረው ይቃጠላሉ ብሎ ተመለሰ። ይኸው አራተኛ ዓመቱ። ሞተ ያለኝ የለም፣ አለ ያለኝም የለም።»

ቀስ በቀስ ነው የቀረውን የነገረችኝ። ቄሱ ዘንድ ሄዳ ፍትሐት ያድርጉለት ብትል፣ «ልጄ፣ ሞቱን ማን አየና? በቁሙ ላለ ሰው ብንፈታ ኃጢአቱን ማን ይሸከመዋል?» አሏት። የመጠለያው ሴቶች ዘንድ ለቅሶ ልቀመጥ ብትል፣ «አፍሽን ያዢ፣ በባልሽ አታሟርቺ» አሏት። መርዶ ያልተነገረው ሰው ለቅሶ አይቀመጥማ! ሳይቀመጡ ደግሞ ማን ይደርሳል? ማንም። «ጥቁር ብለብስ ያሙኛል፣ ነጭ ብለብስ ያሙኛል» አለችኝ። «ሚስትም አይደለሁ፣ ባሏ የሞተባትም አይደለሁ። አንድ ቀን ሰው ተሰብስቦልኝ አልቅሼለት፣ እግዜር ያጥናሽ ተብዬ ብነሣ፣ ከዚያ ወዲያ ልብስ አጥቤም ቢሆን እኖር ነበር።»

እኔ ይሄ ነገር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። አባቴ አንኮበር ሲሞት ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ መጥተው የተከራየሁባትን ቤት አንኳኩ። ገና በሩን ስከፍት አወቅሁት። ጮህኩ፣ ተንፈራፈርኩ፣ ጎረቤት ደረሰ፤ ያለቀሰውም አለቀሰ፣ እዝን ያመጣውም አመጣ። ከአሊዩ አምባ ገበያ አባቴን የሚያውቁ ነጋዴዎች ዳገቱን ወጥተው ደርሰው «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» አሉን። በሳምንቱ ስነሣ ሰው ሆኜ ነው የተነሣሁት። ይሄን አውቄ ነው እንግዲህ ያንን ያደረግሁት፣ ሳላውቅ አይደለም።

የቃል ግጥም ቀን የሚባል ዝግጅት ነበረን። ፉከራ፣ የሠርግ ዘፈን፣ ሙሾ፣ በመሐል በመሐሉ የጥናት ጽሑፍ። ፉከራውም ዘፈኑም ሰው ተገኘለት፤ ለሙሾው ጠፋ። ወጣቶቹ አይችሉም፣ የሚችሉት እናቶች ደግሞ «ቤቴ ላይ ላሟርት እንዴ!» ብለው አባረሩኝ። ማስታወቂያውን ስለጥፍ እትዬ የታጠበ ልብስ ተሸክማ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ማንበብ አትችልም።

«ምን ይላል?»

አነበብኩላት። ሙሾ የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ። «ለማን ነው የሚለቀሰው?»

«ለማንም አይደለም እትዬ። ለማሳያ ነው።»

«ሰው ይመጣል?»

«አዳራሽ ሙሉ።»

ልብሷን እንደተሸከመች ሄደች። በማግስቱ ቢሮዬ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «እኔ ላልቅስ» አለችኝ። «ባሌን ነው የማለቅሰው ግን። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ከተለቀሰለት ተለቀሰለት ነው። ቄሱም አይከለክሉኝ፣ ሴቶቹም አያሙኝ።»

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። አዝኜላት አይደለም መጀመሪያ ደስ ያለኝ፤ የሙሾው ቦታ፣ ተራ ቁጥር ሰባት፣ ባዶ ስለነበረ ነው። ማዘኑ በኋላ መጣ። አለቆቼ «ተፈናቃይ» የምትል ቃል ወረቀት ላይ ካዩ ነገሩን ፖለቲካ ነው ብለው እንደሚሰርዙት ስለማውቅ፣ «ባህላዊ ሙሾ፣ በአንዲት እናት» ብዬ ጻፍኩ። የእውነት ለቅሶ መሆኑን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለመድረክ መሪውም፣ በዕለቱ ጠጋ ብዬ በጆሮው እነግረዋለሁ ብዬ ተውኩት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፣ ብልጠት ይድፋኝ!

በተባለው ቀን ነጠላዋን የሐዘን አጣፍታ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ መጣች። ቀሚሷን ጥቁር ቀለም ነክራዋለች። ለምና አግባብታ ከመጠለያው ስምንት ሴቶች አስከትላለች። ተላልፏል። መንገዱ ተዘግቶ እንግዳው ከአዲስ አበባ መውጣት አልቻሉም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ተጠራች፤ አሁንም ነጠላዋን አጣፍታ መጣች፣ አሁንም ተላልፏል። የተከተሏት አምስት ነበሩ። «ተላልፏል» የምትለዋን ወረቀት ስለጥፍ ከኋላዬ ቆማ «ይሄስ ምን ይላል?» አለችኝ። ምን እንደሚል እኮ ታውቃለች።

«ይቅርብሽ እትዬ» አልኳት።

«አይቀርም» አለች። «ልቤ አንዴ ተነሥቷል። ወዴት ልመልሰው?»

በሦስተኛው ሆነ። ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ አብረዋት የመጡት። መድረክ መሪውም ሌላ ሆኗል፤ የቀድሞው ለሥልጠና ሄዶ፣ ሳቂታና ቀልጣፋ ወጣት መምህር ተተክቷል። ፕሮግራሙ በሦስት ሰዓት ይጀመራል የተባለው የክብር እንግዳው እስኪመጡ ተብሎ ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ያለ እሳቸው መጀመር አይቻልማ፣ ነውር ነው! ያ ሁሉ ሰው በብርድ ተጨብጦ ተቀመጠ። እሷ መጨረሻው ረድፍ ላይ እህል ሳትቀምስ፣ ዓይኗን መድረኩ ላይ ተክላ ጠበቀች። እኔ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች እሮጣለሁ፤ ወንበር ጎደለ፣ ውሃ ጎደለ፣ እንግዳው ሻይ ይፈልጋሉ። ያቺን አንዲት ቃል ለመድረክ መሪው ሳልነግረው ቀረሁ። ረሳሁ ብል ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁም፤ ሁለት ጊዜ አጠገቡ ደርሼ ሰው ጠርቶኝ ነው የተመለስኩት።

ልጁ ደግሞ ማስጨብጨብ የሚወድ ነው። እንግዳው ገቡ፣ «ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» ማይክራፎኑ ተስተካከለ፣ «ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» መብራት ጠፍቶ መጣ፣ «ለመብራታችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» ሰውም ብርዱን ለማባረር ይሁን ምን፣ መዳፉ እስኪግል ያጨበጭባል።

ተራ ቁጥር ሰባት ሲደርስ «ሰዓት ስለገፋብን በአምስት ደቂቃ» አለና ጠራት። ወጣች። ማይክራፎኑን ሲሰጣት አልያዘችውም። ከዚያ አንድ ጊዜ «ወንድሜዋ!» ብላ ስትጣራ አዳራሹ ጸጥ አለ። ባሏን ወንድሜ ብላ ነው የጠራችው። ዕርፉን ጠራች፣ በሬዎቹን በየስማቸው ጠራች፣ የተከላቸውን ቡናዎች ጠራች። ሁለቱ ሴቶች ከኋላ ተነሥተው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ከግጥሞቿ ሁሉ አንዷ ከልቤ አልጠፋ አለችኝ፦

ሞተሃል እንዳልል መቃብርህ የታል፣
አለህም እንዳልል ደጅህን ሳር ውጦታል።

እኔ ወረቀቴን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቅሳለሁ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ፕሮፌሰር ሳይቀሩ መነጽራቸውን ሲያወልቁ አይቻለሁ። አሁን ሆነላት፣ አልኩ በልቤ። ተመስገን፣ ሰው አለቀሰለት።

ገና ትንፋሿን ስባ ልትቀጥል ስትል ልጁ ብድግ አለ። «ድንቅ ነው! ድንቅ ነው! ለእናታችን ሞቅ ያለ ጭብጨባ!»

አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ያን የመሰለ ጭብጨባ እኛ ግቢ ሰምቼ አላውቅም። ተማሪዎቹ ያፏጫሉ። ከመሐል አንዷ እልል አለች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ለቅሶ ላይ እልልታ! መሮጥ ነበረብኝ፣ «ዝም በሉ!» ብዬ መጮህ ነበረብኝ፤ ወረቀቴን እንደያዝኩ ካለሁበት ቀረሁ። እትዬ አፏን እንደከፈተች ቆማ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ታየዋለች። እንግዳው ወጥተው የተሳትፎ የምስክር ወረቀት ሰጧት፣ ትከሻዋን አቅፈው ፎቶ ተነሡ። ልጁ በትሕትና እጅ ነሥቶ ሸኛት። እሱ ምን ያድርግ? ሙሾ፣ በአንዲት እናት ተብሎ ነው በእጁ የተሰጠው።

ስፈልጋት ከሴቶቹ ጋር ወጥታ ሄዳለች።

ሦስት ሳምንት ሙሉ መጠለያው ድረስ መሄድ አቃተኝ። ልብስ ማጠቢያውም ላይ አልታየችም። ሰደበችኝ፣ ረገመችኝ፣ ታማ ተኛች እያልኩ ሌት ተቀን ስብሰለሰል ከረምኩ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ስኳር ገዝቼ፣ እዝን መሆኑ ነው፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። ማንም ያላላትን እግዜር ያጥናሽ እኔ ልላት ነበር።

ከድንኳኑ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች አገኘኋት። ነጭ ለብሳለች። ፀጉሯን አዲስ ተሠርታለች። ስታየኝ ተነሥታ አገላብጣ ሳመችኝ።

«ምነው ነጠላሽ? ማን ሞተብሽ?» አለችኝ ደንግጣ።

«ለአንቺ ነው እትዬ። እዝን ይዤ...»

«የምን እዝን?» ብላ ሳቀች። ስትስቅ የመጀመሪያዬ ነበር ሳያት። እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አልሰማሽም እንዴ ያንን ሁሉ ሰው? ያ ሁሉ የተማረ ሰው፣ አንድ ላይ ተነሥቶ! ለሞተ ሰው ይጨበጨባል? ለሞተ ሰው እልል ይባላል? እኔ በቁሙ ያለውን ሰውዬ ልቀብረው ስል እግዜር በሰው እጅ አስቆመኝ። አለ ማለቱ ነው። አለ።»

ዳቦውንና ስኳሩን ወደ ኋላዬ ገፋ አደረግሁት።

«ታዲያ ምን ይዞኝ ነው እዚህ የምቀመጠው?» አለች። «ከሰኞ በኋላ በሚወጣው መኪና ወደ አገራችን እሄዳለሁ። የምፈልገውም ብቻዬን ነው። ሴቶቹ አብደሻል ይሉኛል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እዚያም ነበርሽ። አይደለም እንዴ?»

መንገዱ ዛሬም ሰው የሚጠፋበት፣ የማይሄዱበት መሆኑን አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ልነግራት የሚገባው ደግሞ ቀላል ነበር። እትዬ፣ እነሱ ለመብራትም አጨብጭበዋል። እትዬ፣ ያስጨበጨብኳቸው እኔ ነኝ፣ ባለመናገሬ። ይሄን ብላት ግን ምን ልሰጣት ነው? ያንን አራት ዓመት መልሼ ልሰጣት? ለቅሶዋን እንደሁ አበላሽተንባታል፤ ሁለተኛ ማን ይመጣላታል? ፊቷን አየሁት፤ አብርቷል። ከዚያ ፊት ላይ ያንን ብርሃን በእጄ ማጥፋት አልቻልኩም፣ ፈሪ ነኝ።

«ይሆናል» አልኳት።

መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። አንዲት ፌስታል ብቻ ነበረች በእጇ። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ ብቅ ብላ «ስንመለስ ሁለት ሆነን ነው፣ ቤትሽ ነው የምናርፈው!» አለችኝ።

«አሜን» አልኩ።

ስድስት ወር ሆነ።