ጆሮው የተገነጠለው ድስት

ያኔ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ከበሩ ብዙም ሳንርቅ፣ ከአማቴ ጋር ነበር የምንኖረው። የመጀመሪያ ልጄ ክርስትና የተነሳ ዕለት፣ ከጊደር መጋላ ገበያ የገዛሁትን አዲስ የአሉሚኒየም ድስት ከነፈላ ወጡ ከምድጃ ሳነሳ፣ አንደኛው ጆሮው ተገንጥሎ እጄ ላይ ቀረ። ወጡ ግራ እግሬ ላይ ተደፋ።

አማቴ ጩኸቴን ሰምተው ገቡና "ቀስ ብለሽ አታነሺም ነበር?" አሉኝ። ባሌ "መቼም ችኩል ነሽ" አለ። እንግዶቹም ለወጡ አዘኑ። ድስቱን ገልብጦ ያየ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም!

እግሬ ተጠቅልሎ እንደተኛሁ ስብራቱን አየሁት። በነጩ ብረት ውስጥ ቀይ ቀይ ፍርፋሪ ተሰግስጎበታል፤ በጥፍሬ ስነካው ረገፈ። ሸክላ ነው።

መራመድ እንደቻልኩ ድስቱን ታቅፌ እያነከስኩ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ነጋዴ ናቸው። ስብራቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩና "ወላሂ፣ አላውቅም ነበር ልጄ። ነይ፣ የሠራውን እንጠይቀው" ብለው ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ ወጡ።

ማቅለጫው ቤት ስንደርስ፣ ድስቱን የሠራው አቅላጭ ጭራሽ አላፈረም። አሮጌ የመኪና ሞተር ሲያቀልጥ የተወቀጠ ሸክላ እንደሚጨምርበት ራሱ ነገረን።

"ሸክላ ያጠነክረዋል" አለና አንዱን ድስት በምስማር ቧጠጠው። "ይኸው፣ አይጫርም! አንቺ አያያዝ አታውቂበት ይሆናል።"

ደሜ ፈላ። "የማይጫር ድስት ማን ጠየቀህ? እኔ የገዛሁት ወጥ እንዲሸከምልኝ ነው!" አልኩት። በሩ ላይ ካለው በርሜል ውኃ ቀድቼ የቧጠጠውን ድስት እስከ አፉ ሞላሁትና "በል ጣደው። ሲፈላ ጫማህን አውልቀህ፣ ጆሮውን ይዘህ አንሳው" አልኩ።

ሳቀ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። "አንሳው እንጂ! ጠንካራ ነው አላልክም?" አሉት።

እግሩን ወደ ኋላ ሰበሰበ። ድስቱን አልነካውም።

ሽማግሌው በዚያው ቀን የቀሩትን ድስቶች ከሱቃቸው አስወጥተው መለሱለት። አቅላጩም ጆሯቸውን ቆርጦ በብሎን የታሰረ የብረት ጆሮ አበጀላቸውና ለሶፊ ገጠር ገበሬዎች ሸጣቸው። ይቅርታ ያለኝ የለም፤ እሱም፣ የቤቴ ሰዎችም። ጠባሳዬን አይቶ "ምን ሆነሽ ነው?" ለሚለኝ ሰው "ወጥ ተደፋብኝ" አልልም። "ሸክላ የተቀላቀለበት ድስት ሸጠውልኝ ነው" እላለሁ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።