የኸዲጃ ግራ ጆሮ

መካነ ሰላም ውስጥ ጆሮውን ያመመው ልጅ መጀመሪያ የሚወሰደው እትዬ ኡሙልኸይር ቤት ነበር። ከከላላ፣ ከወግዲ ሳይቀር ለገበያ የመጡ እናቶች በቅሏቸውን ደጃቸው ላይ አስረው፣ የሚነጫነጭ ልጃቸውን ይዘው ይገባሉ። እትዬ ኡሙልኸይር ልጁን ጭናቸው ላይ ያስተኙና «ማን ነው ጆሮህን የነካብኝ? ንገረኝና ልኩን ላሳየው!» እያሉ ያጫውቱታል። ጨው በጨርቅ ቋጥረው፣ ምድጃው ዳር አሙቀው፣ ጆሮው ላይ ይይዙለታል። ደረቅ ሕመም ከሆነ ደግሞ የጤና አዳም ቅጠል እሳት ላይ ለብለብ አድርገው ይጨምቁና፣ ከለብ ያለ ዘይት ጋር ቀላቅለው፣ በገዛ ክንዳቸው ሙቀቱን ሞክረው፣ «ቢስሚላህ» ብለው ጠብ ያደርጉለታል። መግል የሚያወጣ ጆሮ ግን ይጠረጋል እንጂ ምንም አይጨመርበትም፣ አይደፈንም። እናታቸው እንዲህ ብለው ነው ያስተማሯቸው፤ እሳቸውም ለመጣ ለሄደው ሁሉ ይህንኑ ይናገራሉ።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሴትዮ በገዛ የልጅ ልጃቸው ላይ ምን ነካቸው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞባይል ወደ ከተማው ገና በገባበት ሰሞን ልጃቸው ፈርሂያ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የአራት ዓመቷን ኸዲጃን ለእሳቸው ትታ ነው የሄደችው። ፈርሂያ አንዲት የሰፈር ልጅ ወደ ጅዳ ልትሄድ መሆኗን ሰምታ «እማዬ፣ በእሷ እጅ የልጄን ፎቶ ላኪልኝ፤ በናፍቆት ልሞት ነው» ብላ ደወለች። የኸዲጃ ግራ ጆሮ ደግሞ ያን ሰሞን መግል ይዟል፤ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ ይሸታል። ሰው አገር ላለች እናት ይህ ይላካል? ዐረብ አገር ላለ ሰው እንኳን የጆሮ ሕመም የእናት ሞትም ተደብቆበት ይከርማል። እትዬ ኡሙልኸይር ጥጥ ጠቅልለው ጆሮዋን ጥርቅም አድርገው ደፈኑት፤ በላዩ ላይ አዲሱን ሻሽ አሰሩላትና ፎቶ ቤት ወሰዷት። ፎቶው እንዴት አምሮ ወጣ መሰላችሁ! መግሉም ቆመ። ጥጡን ሊያወጡት አሉና «ምን አስቸኮለኝ፣ ደርቆላት የለ» ብለው ተዉት።

የት ይደርቃል! አንድ ቀን ጠዋት ልጅቷ ስትነሣ ገላዋ እሳት ሆኗል። ከጆሮዋ ኋላ አብጦ ጆሮዋን ወደ ፊት ገፍቶታል። እትዬ ጥጡን ሲያወጡት ሽታው ፊታቸውን አስዞራቸው። ልባቸው ድንግጥ አለ፤ አፋቸው ግን «ጆሮ ደግፍ ነው፣ ያልፍላታል» አለ። ጨዋቸውን አሙቀው ሊይዙላት ጠጋ ሲሉ ኸዲጃ «አትንኪኝ!» ብላ ጮኸች። እንዲያ ጮኻ አታውቅም።

ጎረቤታቸው ብርሀንነሽ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ገባች።

«እትዬ፣ ምን ሆናብዎት ነው?»

«ምንም። ጆሮ ደግፍ ነው።»

ብርሀንነሽ ሻሹን ገለጥ አድርጋ አየች። «ጆሮ ደግፍማ እዚህ መንጋጋዋ ላይ ነው የሚያብጠው፤ የኔን ልጆች ሁሉ ይዟቸው አይቻለሁ። ይሄ ከኋላ ነው! ይነሡ፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳት።»

«ሐኪም ቤት? እኔ?»

ቀኑ የገበያ ቀን ነው። መንገዱ ልጆቻቸውን እሳቸው ዘንድ በሚያመጡ እናቶች ተሞልቷል። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እሳቸው የጆሮ ሕመምተኛ ታቅፈው ሊታዩ ነው! «እስቲ እስከ ቀትሩ ሶላት፣ እስከ ዙህር እንያት» አሉ።

«እስከ ዙህር ምን ሊፈጠር?» አለች ብርሀንነሽ። «ሰው ምን ይለኛል ብለው ነው አይደል? ልጅቷ ከሞተችብዎትስ ሰው ዝም የሚል መሰለዎት?»

ይህን እየተናገረች ሳለ ኸዲጃን አስመለሳት፤ አንገቷም እንደ ጨርቅ ታጠፈ። «ያ ረቢ!» አሉ እትዬ ኡሙልኸይር። ከዚያ በኋላ ገበያም ሰውም አልታያቸውም፤ ልጅቷን አዝለው፣ ጫማቸው አንዱ ከእግራቸው ወልቆ፣ እህል ተራውን ሰንጥቀው ሮጡ። አንዲት የከላላ ሴት «እትዬ፣ ልጄን ላሳይዎት ነበር» ብላ ፊታቸው ቆመች። «ሐኪም ቤት ውሰጃት!» ብለው ጮኹባትና አለፉ።

ሐኪሙ አሻግሬ ልጅቷን አስተኝቶ መረመራት።

«ጆሮዋ ውስጥ ምን ተደርጎ ነበር?»

«ምንም» የሚለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። ተከትላቸው የመጣችው ብርሀንነሽ አየቻቸው። እሳቸው ኸዲጃን አዩ።

«ጥጥ» አሉ። «እኔ ነኝ የደፈንኩት። ደግሞ አይደፈንም ብዬ የማስተምረው እኔው ነኝ።»

አሻግሬ አልተቆጣቸውም፤ ቢቆጣቸው ይሻላቸው ነበር። «ሕመሙ ከጆሮዋ አልፎ ኋላ ያለውን አጥንት ይዞታል። መርፌ እንጀምርላትና አሁኑኑ ደሴ ትሂድ» አላቸው። በመኪናው ላይ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ እጃቸውን ከልጅቷ ደረት ላይ ሳያነሡ፣ ትንፋሿ ሲወጣና ሲገባ እያዳመጡ ሄዱ።

ደሴ ላይ በቀዶ ጥገና መግሉ ወጣላትና ኸዲጃ ተረፈች፤ አልሐምዱሊላህ። ለፈርሂያ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ፎቶው ደርሷት፣ እሱን እየሳመች ነው የከረመችው።

ወደ መካነ ሰላም እንደተመለሱ ጁምዓ ቀን ስልኩ ጮኸ። «ኸዲጃዬን አገናኙኝ!» አለች ፈርሂያ። ልጅቷ ስልኩን ነጥቃ እንደ ወትሮዋ ግራ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ጠበቀች። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ።

«እማማ፣ እማዬ ዝም አለች።»

ዝም አላለችም። «ኸዲጃ! ኸዲጃዬ!» የሚለው ድምፅ ከስልኩ አልፎ እትዬ ኡሙልኸይር ከተቀመጡበት ድረስ ይሰማል።

ስልኩን ወደ ቀኝ ጆሮዋ ቢያዞሩት ነገሩ ሁሉ ተሸፍኖ ይቀር ነበር። እጃቸውም ለዚያው ተዘርግቶ ነበር። ግን ስልኩን ወስደው የራሳቸው ጆሮ ላይ አደረጉት።

«ፈርሂያ፣ ልጄ» አሉ እያለቀሱ፣ «ቁጭ በይ። የደበቅኩሽ ነገር አለ።»